የወረስነውና የተወረስነው

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በምሠራበት ድርጅት ውስጥ የደንበኞች መመዝገቢያ ፎርም እንድሠራ ተሰጠኝ። ሥራው ቀላል ነበር። ከውጭ የተገዛ ሲስተም አለ፤ የኔ ድርሻ ለሱ የአማርኛ ገጽ ማበጀት ነው። ሲስተሙ ግን አንድ ግትር ሳጥን ነበረው፦ «ላስት ኔም»። ባዶ ከተውከው ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍህም። እኛ ደግሞ ላስት ኔም የለንም። ስም አለን፣ የአባት ስም አለን፣ ሲጠየቅ የአያት ስም እንጨምራለን። ልጅ ሲወለድ የሱ ስም ከፊት ይገባል፣ ከኋላ ያለው ይወድቃል። በሙያዬ ቋንቋ ካወራሁ፣ የኢትዮጵያዊ ስም ሦስት ቦታ ብቻ ያለው ወረፋ ነው።

የቡድን መሪያችን «የአያት ስም አድርገውና እለፍ» አለኝ። አደረግሁት። ለሙከራ የራሴን ስም ከነአያቴ አስገባሁ። ገጹ ተከፈተና በትልቁ «እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ እንትና» አለኝ። እንትና አያቴ ነው። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ የሞተው አያቴ። ኮምፒውተሩ እኔን ትቶ እሱን ተቀበለው።

ሳቅሁና ለጓደኞቼ አሳየኋቸው። ነገሩ ግን ከሳቅ አልፎ ቆየ። የማላስታውሰው ሰው በኔ ፈንታ ሲጠራ፣ እኔ ነኝ «አቤት» የምለው ወይስ እሱ?

*

እኛ አገር የቤተሰብ ስም እንዲኖር ሕግ ተሞክሮ እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 32፣ እያንዳንዱ ሰው ከራሱና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተሰብ ስም አለው ይላል። ሕጉን ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ናቸው። ያወጁት ደግሞ ጃንሆይ። ስልሳ ምናምን ዓመት አለፈ፤ እስቲ የቤተሰብ ስም ያለው ሰው ታውቃላችሁ? ሕዝቡ አልተቃወመውም፣ ሰልፍ አልወጣበትም። ዝም ብሎ አልተጠቀመበትም።

የሚገርመው ነገር፣ ያ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በስደት ነው። ከአገር የወጣ ኢትዮጵያዊ፣ ባለሥልጣንም ይሁን አትክልት ሻጭ፣ የመጀመሪያው የኢምግሬሽን መስኮት ላይ የቤተሰብ ስም ይሰጠዋል። በዚህ መስኮት ካለፉት ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመዶችም ነበሩበት።

ዶክተር አስፋ ወሰን አስራተን እንውሰድ። አብዮቱ ሲፈነዳ ጀርመን አገር ነበሩ። አባታቸው ልዑል ራስ አስራተ ካሳ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው። እናታቸውና ወንድም እህቶቻቸው ታሰሩ። እሳቸው እዚያው ቀሩ፣ ጀርመናዊ ዜግነት ወሰዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ሥነ ሥርዓትና ጨዋነት በጀርመንኛ የጻፉት መጽሐፍ በሰፊው ተነበበ። ጀርመኖች «ኸር አስራተ» ይሏቸዋል። በኛ አጠራር ይሄ የአባታቸው ስም ነው። እዚያ ግን የአንድ ሰው መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ የቤት ስም ሆኗል። የተገደለው አባት በየደብዳቤው፣ በየበሩ፣ በየመጽሐፉ ሽፋን ላይ ይጠራል።

የጃንሆይን ስም የያዙት ደግሞ ሌላ ነገር ገጠማቸው። «ኃይለ ሥላሴ» የንግሥና ስማቸው ነው፤ ከዚያ በፊት ተፈሪ መኰንን ነበሩ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ለሁለት ይከፈላል፤ የውጭ ሰው የኋለኛውን ቆርጦ የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። ሥላሴ ማለት ለሱ የአንድ ቤት ስም ነው። ለኛ ደግሞ ማንም ቤት የኔ ነው ሊለው የማይችለው ስም ነው።

*

ይሄ የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። የግሪክ ንጉሣዊ ቤተሰብ ከሁሉም ያስገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1994 የግሪክ መንግሥት ሕግ አወጣ፤ የቀድሞው ንጉሥ ቆንስጣንጢኖስ ዜግነቱን እንዲይዝ እንደ ማንኛውም ዜጋ የቤተሰብ ስም ማስመዝገብ አለበት ተባለ። እሱም ቤተሰቤ የቤተሰብ ስም የለውም አለ። ዜግነቱ ተነሳ። እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ2024 መጨረሻ ላይ ልጆቹና ሌሎች የቤተሰቡ አባላት ዜግነት ሲመለስላቸው የወሰዱት ስም «ደ ግሬስ» ነው። በፈረንሳይኛ «የግሪክ» ማለት ነው። አንዳንድ የግሪክ ፖለቲከኞች ይሄ ስም አይደለም፣ ማዕረግ ነው ብለው ተቆጡ።

እኔ ይሄን ዜና ሳነብ ያ «ላስት ኔም» የሚለው ሳጥን ታየኝ። አንድ የድሮ ንጉሥና አንድ የአርሲ ገበሬ በአንድ ፎርም ፊት ቢቆሙ ሁለቱም በአንድ ሳጥን ይሰናከላሉ። ንጉሡ የቤተሰብ ስም የሌለው፣ አገሩ ሁሉ ስሙ ስለነበረ ነው። ገበሬው የቤተሰብ ስም የሌለው፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። የቤተሰብ ስም የሚያስፈልገው ለማያውቁት ሰው ነው።

የግሪክ መንግሥት ጥያቄ ግን የወረቀት ብቻ አልነበረም። ከስሙ በስተጀርባ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ይሄን ስም ይዘህ ስትመጣ ይዘህ የምትመጣው ምንድን ነው? ሰው ነህ ወይስ የይገባኛል ጥያቄ?

*

በአማርኛ አንድ ቃል አለ፤ ብዙ ስለምንጠቀምበት አናስተውለውም። «ወረሰ»። ልጅ አባቱን ሲተካ ወረሰ ይባላል። መንግሥት የሰውን ቤት ሲነጥቅም ወረሰ ይባላል። የንጉሥ ልጅ «አልጋ ወራሽ» ነው። ደርግ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን፣ በሐምሌው ትርፍ ቤትን «ወረሰ»። በአንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ነገር እንዴት ይባላል ብዬ ድሮ አስብ ነበር። አሁን ተቃራኒ አይመስሉኝም። በሁለቱም ውስጥ አንድ ሰው ያልደከመበትን ያገኛል።

አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በ1965 ዓ.ም. ታመው ለሕክምና ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አባታቸው ከዙፋን ሲወርዱ ደርግ እሳቸውን ንጉሥ አድርጌአለሁ አለ፤ እሳቸው ግን አልመጡም፣ አልነገሡም። ጃንሆይ በዓመቱ ነሐሴ ውስጥ ሞቱ። ልዑሉ በስደት ኖረው በ1989 ዓ.ም. ቨርጂኒያ ውስጥ አረፉ፤ አስከሬናቸው አዲስ አበባ መጣ። እኔ የተወለድኩት በዚያው ዓመት ነው። የሕይወታቸውን ትልቁን ክፍል ወራሽ ተብለው ኖሩ፤ የወረሱት ግን ስሙን ብቻ ነው።

እዚህ የቀሩት ደግሞ በስሙ ታሰሩ። የጃንሆይ ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅና ሴት ልጆቻቸው እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ፣ ወደ አሥራ አራት ዓመት ገደማ፣ እስር ቤት ነበሩ። የአልጋ ወራሹ ልጅ ልዕልት እጅጋየሁ እስር ላይ እንዳሉ አረፉ። ክስ የለም፣ ፍርድ የለም። ማስረጃው የዘር ሐረጋቸው ነው።

ከዚያ በፊት ወደ ኋላ ብንሄድም አለማየሁ ቴዎድሮስን እናገኛለን። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲወሰድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድሶር ተቀበረ። አፅሙ ይመለስ ተብሎ ተጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አይሆንም አለ። የሰባት ዓመት ልጅ ከማን ጋር ምን ጠብ ይኖረዋል? ጠቡ የስሙ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ግልጽ ይሆንልኛል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዙፋኑ ከሰለሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ከሚወርደው ዘር እንዳይወጣ ይደነግግ ነበር። ሰውየው ምን ሠራ አይልም፤ የማን ልጅ ነው ይላል። ደርግ መጣና ይሄን አፈረስኩ አለ። ከዚያ የልጅ ልጆቹን ሰብስቦ አሰረ። ምን ሠሩ አላለም፤ የማን ልጆች ናቸው አለ። አንዱ በዘር ሾመ፣ ሌላው በዘር አሰረ። እኔ ኮዱን ሳነበው አንድ ኮድ ነው፤ የተቀየረው የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለረጅም ጊዜ መልሴ ቀላል ነበር፦ ስም ምንም አይደለም፤ ሁሉም በሥራው። ክብርም አይወረስ፣ ጥፋትም አይወረስ። ንጹሕ መልስ ነው። ኢንጂነር ንጹሕ መልስ ይወዳል።

ከዚያ አሰላ ሄድኩ።

*

አሰላ የሄድኩት ለሥራ ነው፤ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የሒሳብ ሶፍትዌር አስገብቶ ሥልጠና ልንሰጥ። የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ለቡና ጋበዘኝ። አባቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰባውን የተሻገሩ ሽማግሌ። ሰላም አልኳቸው፣ አቦሉ ቀረበ።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

«እሱስ የማን?»

የአያቴን ስም ከነማዕረጉ ጨመርኩ። ቤታችን ውስጥ ያለ ማዕረጉ ተጠርቶ አያውቅም። እዚህ ግን ስሙን አልጽፈውም።

ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ያ ከታች በኩል ሁለት ጋሻ የነበረው?»

«አዎ አባባ» አልኩ። ፈገግ ብዬ ነበር፤ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። የአያቴን ስም የሚያውቅ ሰው ማግኘቴ ደስ አለኝ፣ ኮራሁም።

«አባቴ የሱ ጭሰኛ ነበር» አሉ። «ትራክተር ያስመጣ ዓመት አስወጣን። ገብሱ አልታጨደም ነበር።»

ልጃቸው ደነገጠ። «አባዬ፣ እንግዳ ነው እኮ!»

«እንግዳ መሆኑን አውቃለሁ» አሉት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንተን አልከሰስኩም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። በናንተ ቤት ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚወራው?»

እኛ ቤት የሚወራው አጭር ነው። ምን ብዬ አሳምረዋለሁ? «መሬታችን ተወረሰ ነው የሚባለው» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ ቤት ደግሞ መሬታችን ተመለሰ ነው የሚባለው።»

ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ። «ቶናውን ሳትጠጣ የት ትሄዳለህ? ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ጠጣሁ። ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

*

አዲስ አበባ ስመለስ ስለ ጭላሎ ማንበብ ጀመርኩ። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት እርዳታ «ካዱ» የሚባል የግብርና ልማት ፕሮጀክት እዚያ ተጀምሮ ነበር። ዓላማው ትንሹን ገበሬ መርዳት ነው፦ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር። ተሳካም። መሬቱ ሲያፈራ ግን ዋጋው ጨመረ። ባለመሬቶች ከጭሰኛ እኩሌታ ወይም ሲሶ ከመቀበል ራሳቸው በትራክተር ማረስ እንደሚያዋጣቸው አዩ። ጭሰኛው ውል የለው፣ ወረቀት የለው፤ ሂድ ሲባል ይሄዳል። በርካታ ቤተሰቦች እንዲህ ተነቀሉ። አያቴ ጨካኝ ስለነበረ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም፤ ብዙዎች ያደረጉትን አደረገ። ግን አደረገ።

ፍትሐዊ ለመሆን የኛንም ወገን ልናገር። በ1967 ዓ.ም. አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ከአሥር ሄክታር በላይ አይፈቅድም ነበር፤ ሁለት ጋሻ ወደ ሰማንያ ሄክታር ነው። አያቴ ከተማ ገብቶ የመጋዘን ዘበኛ ሆነ። አባቴ ሰነዱ ላይ «የባላባት ልጅ» ተብሎ ተጻፈበትና የሚገባውን የትምህርት ዕድል ሳያገኝ ቀረ። አባቴ በ1962 የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ማንንም አላስወጣም። እኔ ኢንጂነሪንግ የተማርኩት አባቴ በጸሐፊነት ደመወዝ አራት ልጅ እያሳደገ ነው። ከሁለቱ ጋሻ አንድ ሳንቲም አልደረሰኝም።

ታዲያ ለምን አፈርኩ?

ነገሩን ብዙ ካወጣሁ ካወረድኩ በኋላ የደረስኩበት ይሄ ነው። ያፈርኩት አያቴ በሠራው አይደለም። ፈገግ በማለቴ ነው። ሽማግሌው ስሙን ሲያውቁት የኮራሁት እኔ ነኝ፤ ያ ኩራት የኔ የራሴ ሥራ ነው። «ሁሉም በሥራው» የሚለው ንጹሕ መልሴ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ በዚያች ሰከንድ ፈገግ ማለት አልነበረብኝም። ከስሙ ክብሩን ልወስድ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ዕዳው ሲመጣ ነው «እኔን አይመለከተኝም» ማለት የፈለግሁት። እንዲህ ያለ ውርስ የለም። በሕጉም ቢሆን የሟችን ንብረት የተቀበለ ሰው ዕዳውንም ከንብረቱ ይከፍላል።

በሙያችን ጊት የሚባል መሣሪያ አለ። ከትእዛዞቹ አንዱ «ብሌም» ይባላል፤ ይህቺን መስመር የጻፈው ማነው ብለህ ስትጠይቀው ስሙንና ቀኑን ያወጣልሃል። አዲስ ተቀጥሬ የገባሁ ሰሞን ሌሊት ሲስተም ወደቀ፤ ተረኛው እኔ ነበርኩ። ብሌም አልኩት፤ ስህተቱ የተጻፈው እኔ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ እያለሁ፣ ሥራ በለቀቀ ሰው ነው። ደስ አለኝ፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም። ከዚያስ? ደንበኞቹ አሁንም ገንዘባቸው አይታያቸውም። ጻፊው ሌላ ነው፣ ስልኩ የሚጮኸው የኔ ነው። ጥፋትና ኃላፊነት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያስተማረኝ ያ ሌሊት ነው። ያላጠፋሁትን እጠግናለሁ፤ ምክንያቱም ቁልፉ ያለው አሁን እኔ ጋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ይሄ የደርግ ሐሳብ በጓሮ በር መመለሱ አይደለም ወይ? ዛሬ «ኃላፊነት አለብህ» ያልከው ነገ «የእንትና ዘር ክፈል» አይሆንም ወይ? ባለንበት ጊዜ ይሄ የሚናቅ ፍርሃት አይደለም፤ ሰው በአያቱ ስም ሲታማና ሲሳደድ አይተናል። መልሴ፣ ልዩነቱ ጠያቂው ማን እንደሆነና የሚጠየቀው ምን እንደሆነ ላይ ነው የሚል ነው። መንግሥት ወይም ጎረቤት በስሜ ሊቀጣኝ መብት የለውም፤ የአሥራ አራት ዓመቱ እስር ምንጊዜም በደል ነው። ሽማግሌው ግን ቅጣት አልጠየቁም። መሬት አልጠየቁም፣ ገንዘብ አልጠየቁም፣ ይቅርታ እንኳን አልጠየቁም። የጠየቁት በቤታችን እንዴት እንደሚወራ ነው። ያንን ሊያስተካክል የሚችለው ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው። አያቴ አይችልም፣ ሞቷል። ሽማግሌው አይችሉም፣ ቤታችን አይገቡም። ቁልፉ እኛ ጋ ነው ማለት ይሄ ነው።

በስደት ያሉትን የነገሥታት ልጆች አሁን የማያቸው በዚህ ዓይን ነው። አንዱ እግራቸው ላይ ይወድቃል፣ አንዱ ይሰድባቸዋል፤ ሁለቱም እነሱን አያዩም። ስሙን ጥዬዋለሁ ቢሉ ዓለም አይጥለውም። በልደት የተሰጠን ነገር ማጽደቅም ማስተባበልም አይጠበቅባቸውም ባይ ነኝ። ግን ስሙን ይዘው አደባባይ ከወጡ፣ ስለ ቤቱ የሚናገሩትን ታሪክ ሙሉውን ሊናገሩት ይገባል፦ ትምህርት ቤቱንም፣ የ1966ቱን የወሎ ረሀብም። እኔም የምናገረው አያቴ ዘበኛ ሆኖ መሞቱን ብቻ ከሆነ ግማሽ እውነት እየተናገርኩ ነው።

*

ለአባቴ ለመንገር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እሑድ ከምሳ በኋላ፣ እናቴ ማድ ቤት እያለች፣ ነገርኩት። አሰላ፣ በረንዳው፣ ትራክተሩ፣ ያልታጨደው ገብስ። ይቆጣል ብዬ ነበር።

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ግራ ዓይኑ ላይ ጠባሳ አለው?» አለኝ።

«አለው።»

«ከብት አብረን እንጠብቅ ነበር» አለ። «ጠባሳው የኔ ድንጋይ ነው። የወጡ ቀን እናቱ አህያ ላይ ዕቃ ስትጭን በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ።»

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ይሄን ነገር ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። ለምን እንዳልነገረን ልጠይቀው አልኩና ተውኩት። መልሱን የማውቀው መሰለኝ፤ አንድ ቃል አለን፣ «ተወረሰ»፣ ሌላውን ሁሉ ሸፍኖልን ኖሯል።

«ቡና ጠጣህ ቤቱ?» አለኝ ቆይቶ።

«አዎ። ሁለተኛውንም።»

«ጥሩ አደረግህ።»

እስካሁን አሰላ አልሄደም። ሁለት ጊዜ ቀን ቆርጠን ሁለት ጊዜ ምክንያት አገኘ፤ አንዴ መንገዱ፣ አንዴ ጉልበቱ። አላስገድደውም። ባለፈው ፋሲካ ግን እህቶቼ ልጆች በተሰበሰቡበት፣ አንዷ ስለ አያት መሬት ስትጠይቅ «ተወረሰ» ብሎ ጀመረና አቆመ። «መጀመሪያ ሌሎች ሰዎች ነበሩበት» አለ። ከዚያ ስለ አንድ ባለጠባሳ ልጅ ማውራት ቀጠለ።

ፎርሙን በተመለከተ፣ ሳጥኑን ከሥር ማንሳት አልቻልኩም፤ ሲስተሙ የኛ አይደለም። መለያውን ግን «የቤተሰብ ስም» ከሚለው «የአያት ስም» ወደሚል ቀየርኩት፤ ሰላምታውም ደንበኛውን በራሱ ስም እንዲጠራ አደረግሁ። አያትየው እዚያው ሳጥኑ ውስጥ አለ፣ ሲፈለግ ይገኛል። «አቤት» የሚለው ግን በሕይወት ያለው ነው።